የአባቴ ድምፅ የት ሄደ? የዴስክቶፕ ቪዲዮ ማጫወቻዎች ታሪክ እና የቤተሰብ ክምችት ዕጣ

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ግልባጭ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ መድረክ ያነሰ መስሎ ሊታያችሁ እንደሚችል እገምታለሁ። «በኮምፒውተሬ ላይ የትኛውን የቪዲዮ ማጫወቻ ልጫን?» የሚለው ጥያቄ ዘወትር የሚቀርበው ለሰፈር ኮምፒውተር ጠጋኝ እንጂ ለታሪክ መምህር አይደለም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የማስበው እንዲሁ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ከእናቴ ቁም ሣጥን የወጣ አንድ ካርቶን ነው።

እናቴ ካረፉ በኋላ ንብረታቸውን ስናስተካክል ያገኘነው ይህ ካርቶን የአንድ ተራ ቤተሰብ የምስል መዝገብ ነበር። የታላቅ እህቴ ሠርግ የተቀዳበት የቪኤችኤስ ካሴት ከነኮምፒውተር ግልባጩ፣ የክርስትናና የተዝካር ቪሲዲዎች፣ ወንድሜ ከዋሽንግተን ይዞት የመጣ አነስተኛ የዲጂታል ካሜራ ካሴት፣ የልጅ ልጆች በቅርቡ የላኩት ቪዲዮ ያለበት ፍላሽ፣ እንዲሁም የአሮጌ ሞባይል ሚሞሪ ካርድ ነበሩበት። ሚሞሪ ካርዱን አውቀዋለሁ። አባቴ ከማረፋቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ በእንቁጣጣሽ ማለዳ ልጆቻቸውን ሲመርቁ ታናሽ እህቴ በሞባይሏ የቀዳችው አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ በውስጡ አለ። በጊዜው በቤታችን ኮምፒውተር ከፍተነው ነበር። ምስሉ መጣ። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ወደ አንድ የኮምፒውተር ቤት ስንወስደው «ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ድምፁ ከመጀመሪያውም አልተቀዳም» ተባልን። አመንን። ለዓመታት ያንን ምርቃት እንደ ድምፅ አልባ ፊልም ስናየው ኖርን።

ካርቶኑ ሲከፈት ያንኑ ፋይል በሌላ ማጫወቻ ከፈትሁት። የአባቴ ድምፅ ወጣ። በፋይሉ ላይ አንዲት ነቁጥ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ፈቺው ነው። በዚህ ንግግር የማነሣው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ያ ድምፅ በፋይሉ ውስጥ እያለ ለምን ዝም አለ? ማንስ ከፈተው? መልሱ ማጫወቻዎች እንዴት እንደተሠሩ፣ በማን ገንዘብና በማን ፈቃድ እንደተሠሩ የሚናገር የሠላሳ ዓመት ታሪክ ነው። ማጫወቻ የሚመርጥ ሰው፣ ይወቀውም አይወቀውም፣ ከዚያ ታሪክ ውስጥ ወገን እየመረጠ ነው።

፩. መሶቡና በውስጡ ያለው

ታሪኩን ለመከተል አንድ መሠረታዊ ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል። ዲጂታል ቪዲዮ ሲበዛ ሰፊ ነው። በፓል ሥርዓት የተቀዳ መደበኛ የቴሌቪዥን ምስል 720 በ576 ነጥብ ሆኖ በሰከንድ 25 ጊዜ ይለዋወጣል። ሳይታመቅ ቢቀመጥ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ በዚህ ስሌት አንድ ሲዲ የሚይዘው የግማሽ ደቂቃ ያህል ምስል ብቻ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ታምቆ ነው። የሚያምቀውና መልሶ የሚፈታው ስልት ኮዴክ ይባላል። የታመቀው ምስልና የታመቀው ድምፅ ደግሞ አብረው በአንድ መያዣ ውስጥ ይገባሉ። ኤቪአይ፣ ኤምኦቪ፣ ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ የምንላቸው የፋይል መጠሪያዎች በአብዛኛው የመያዣው ስሞች ናቸው።

መያዣውን እንደ መሶብ ብናየው አንሳሳትም። መሶቡን ከውጭ ያየ ሰው በውስጡ የጤፍ እንጀራ ይሁን የገብስ ዳቦ አያውቅም። ሁለት የኤቪአይ ፋይሎች በስም አንድ ሆነው በይዘት ፈጽሞ የማይገናኙ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ በሲኔፓክ፣ ሌላው በዲቪኤክስ የታመቀ ሊሆን ይችላልና። ምስሉ ተፈትቶ ድምፁ ሳይፈታ የሚቀርበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ በአንድ መሶብ ሁለት ምግብ አለ፤ ማጫወቻው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። በአባቴ ቪዲዮ የሆነውም ይህ ነበር።

፪. ለእያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ በር፤ ከ1991 እስከ 1999

አፕል ኩዊክታይምን ያወጣው በዲሴምበር 1991 ነው። ማይክሮሶፍት በኖቬምበር 1992 ቪዲዮ ፎር ዊንዶውስ የተባለውን ሥርዓት ከኤቪአይ መያዣ ጋር አቀረበ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ሪልኔትወርክስ በኢንተርኔት ለሚሰራጭ ድምፅና ምስል ሪልፕሌየርን ይዞ ገባ። ሦስቱም ማጫወቻቸውን በነፃ ይሰጡ ነበር። ነፃ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚሸጠው ሌላ ነገር ነበር። አንዱ ኮምፒውተሩን፣ ሌላው ዊንዶውስን፣ ሦስተኛው ቪዲዮ የሚያሰራጩ ድርጅቶች የሚገዙትን ሰርቨር ይሸጥ ነበር። ማጫወቻው ወደ ሱቁ የሚያስገባ በር ነው። በሩ ደግሞ የሚከፈተው ለሱቁ ደንበኛ ነው። የኩዊክታይም ተጠቃሚዎች የዊንዶውስ ሥሪቱን በነፃ አውርደው፣ ቪዲዮን በሙሉ ስክሪን ለማየት ግን እስከ 2007 ድረስ የሚከፈልበትን ዓይነት መግዛት ይጠበቅባቸው እንደነበር ማስታወሱ ነገሩን ያሳያል።

ከኩባንያዎቹ ጎን ለጎን የጋራ ደንብ የማውጣት ጥረትም ነበር። በ1988 የተቋቋመው ኤምፔግ የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን የመጀመሪያ ደንቡን፣ ኤምፔግ-1ን፣ በ1993 አሳተመ። በዚያው ዓመት የወጣው ቪሲዲ በዚህ ደንብ ላይ የቆመ ነው። ምስሉን ወደ 352 በ288 ነጥብ አሳንሶ፣ ግማሽ ደቂቃ ይይዝ በነበረው ሲዲ ላይ 74 ደቂቃ አስቀመጠ። ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በ2000ዎቹ በአዲስ አበባ የዘፈን ክሊፕ፣ የአማርኛ ፊልምና የሠርግ ቪዲዮ በቪሲዲ ሲሸጥና ሲባዛ ኖሯል። ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ የከፈተ ሰው ውስጡ የሚያገኘው መጨረሻው «ዳት» የሚል ፋይል ነው። ይህን ፋይል ገልብጦ ያስቀመጠ ብዙ ሰው በኋላ «የማይታወቅ ፋይል» የሚል መልስ ገጥሞታል። ይዘቱ የታወቀው ኤምፔግ-1 ሆኖ ሳለ፣ ፋይሉን በስሙ ብቻ የሚለይ ማጫወቻ ወደ ውስጥ ሳያይ መለሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቀደመ ግንብም ሊጠቀስ ይገባዋል። ኢትዮጵያ የፓልን፣ አሜሪካ የኤንቲኤስሲን የቴሌቪዥን ሥርዓት ይከተሉ ስለነበር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የተላከ የሠርግ ካሴት በተራ የአሜሪካ ቪዲዮ ዴክ ላይ በአግባቡ አይታይም ነበር። ዘመድ የዘመዱን ሠርግ ለማየት ካሴቱን ለማስገልበጥ ይከፍል ነበር። የምስል ቅርጸት ቤተሰብን ሊለያይ እንደሚችል የስደት ማኅበረሰባችን የተማረው ከኮምፒውተር በፊት ነው።

፫. የተቆለፈው ዲስክና የኮዴክ ገበያ

ዲቪዲ በ1996 ጃፓን ውስጥ፣ በ1997 አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ ሲውል አዲስ ነገር ይዞ መጣ፤ ቁልፍ። የፊልም ዲስኮች ሲኤስኤስ በተባለ ሥርዓት ተመስጥረው ስለሚወጡ፣ ማጫወቻ የሚሠራ ሁሉ ፈቃድ ገዝቶ ቁልፍ መቀበል ነበረበት። ሊነክስን ለመሰለ ባለቤት የሌለው ሥርዓት ፈቃድ የሚገዛለት አልነበረም። ስለዚህ በ1999 ዲሲኤስኤስ የተባለ ምስጢር ፈቺ ፕሮግራም ተሠራጨ። ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ኖርዌያዊው ዮን ዮሃንሰን በዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ተከሶ ኦስሎ ውስጥ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በጃንዋሪ 2003 ነፃ ወጣ፤ ይግባኙም በዚያው ዓመት መጨረሻ ለእርሱ ተፈረደለት። የፍርድ ቤቱ መከራከሪያ ለርእሳችን ቀጥተኛ ትርጉም አለው፤ ሰው በሕጋዊ መንገድ የገዛውን ዲስክ በመረጠው መሣሪያ ማየት ይችላል ወይስ አይችልም?

በዚያው ሰሞን ዠሮም ሮታ የተባለ ፈረንሳዊ ከማይክሮሶፍት የኤምፔግ-4 ኮዴክ ላይ በኤቪአይ መያዣ እንዳይገባ የሚከለክለውን ገደብ አንሥቶ ዲቪኤክስ ብሎ አሠራጨው። አንድ ፊልም በአንድ ሲዲ ላይ መግባት ቻለ፤ የኤቪአይ ፋይል ዓለምን አጥለቀለቀ። ከዚህ ጋር ግን ሁላችንም የምናስታውሰው ጣጣ መጣ። የዊንዶውስ ማጫወቻ ኮዴኮችን በራሱ ውስጥ አይዝም ነበር፤ ፋይል ሲቀርብለት ሥርዓተ ክወናውን «ይህን የሚፈታ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ ሰውየው ከኢንተርኔት ኮዴክ ያመጣል። ነገ ሌላ ያመጣል። ኮዴኮቹ ይጋጫሉ፤ ትናንት ይከፈት የነበረው ዛሬ አይከፈትም። «የኮዴክ ጥቅል» የሚባለው ነገር የተፈጠረው ከዚህ ግርግር ነው። ጥቅሎቹ ብዙ ሰው ጠቅመዋል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጥቅል የጫነ ሰው ከፈቺው ጋር ቫይረስ ሊያስገባ ይችል ነበር።

፬. የፓሪስ ተማሪዎች

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና መታጠፊያ ደርሰናል። በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው ኤኮል ሳንትራል የምህንድስና ትምህርት ቤት የሚኖሩ ተማሪዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ችግር ነበራቸው፤ የግቢው ኔትወርክ ዘገምተኛ ነበር። ፈጣን ኔትወርክ ሲጠይቁ ገንዘብ ከውጭ እንዲፈልጉ ተነገራቸው። የቴሌቪዥን ጣቢያ ባለቤት የሆነው ቡዊግ ኩባንያ ሐሳብ አቀረበ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ዲሽና ዲኮደር ከመግዛት፣ የሳተላይት ቴሌቪዥንን በግቢው ኔትወርክ ለሁሉም ኮምፒውተር ማሰራጨት ይቻል እንደሆነ መሞከር። በ1996 ቪዲዮላን የተባለው የተማሪዎች ፕሮጀክት እንዲህ ተጀመረ። ሁለት ነገር ያስፈልግ ነበር፤ የሚያሰራጭ ሰርቨርና በየክፍሉ የሚቀበል ተቀባይ ፕሮግራም። ተቀባዩ ቪዲዮላን ክላየንት ተባለ፤ በምኅጻር ቪኤልሲ። አርማው የሆነው የመንገድ ሥራ ኮን ተማሪዎቹ በግቢያቸው ከሰበሰቧቸው ኮኖች የመጣ ነው።

በ1998 ፕሮግራሙ ከሥር ተነሥቶ እንደገና ተጻፈ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2001 ደግሞ ትምህርት ቤቱ ፈቅዶ ኮዱ ጂፒኤል በተባለው ነፃ ፈቃድ ለዓለም ተለቀቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ኮዱን ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለው፣ ሊያከፋፍለው ይችላል።

የቪኤልሲን ጠባይ የወሰነው ይህ ልደቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመጀመሪያው የተሠራው በኔትወርክ ተቆራርጦ የሚደርስን ስርጭት ለመቀበል ስለነበር፣ የጎደለ ወይም በከፊል የተበላሸ ፋይል ሲገጥመው ተስፋ አይቆርጥም። የተማሪዎቹ ኮምፒውተሮች የተለያዩ ስለነበሩ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊነክስም እንዲሠራ ሆነ። የሚሸጥ ቅርጸት ስላልነበረው የትኛውንም ቅርጸት የሚዘጋበት ጥቅም አልነበረውም። ፈቺዎቹንም በራሱ ውስጥ ይዞ ስለመጣ ሥርዓተ ክወናውን አይለምንም፤ የኮዴክ ጥቅልን ዘመን ለብዙ ሰው ያበቃው ይህ ውሳኔ ነው።

ፓሪስ ግን ብቻዋን አልነበረችም። በ2000 ሃንጋሪያዊው አርፓድ ገረኦፊ ኤምፕሌየርን ጀመረ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውን የፈቺዎች ስብስብ መጻፍ ጀመረ። ይህ ስም ተራ ተጠቃሚ ዘንድ አይታወቅም፤ ነገር ግን ዛሬ ቪኤልሲን፣ ከኤምፕሌየር የተወለደውን ኤምፒቪን፣ ሌሎችም እጅግ ብዙ ፕሮግራሞችን ከሥር ሆኖ የሚመግባቸው እርሱ ነው።

የአባቴ ድምፅ ጉዳይ የተፈታውም በዚያ ነው። የዚያን ዘመን ሞባይሎች ድምፅ የሚያምቁት ኤኤምአር በተባለ፣ በ1999 ለስልክ ንግግር በጸደቀ ኮዴክ ነበር። የኤኤምአር መፍቻ ኮድ ነበረ፤ ነገር ግን የፈቃዱ ቃል ከነፃ ሶፍትዌር ጋር አብሮ ለማከፋፈል የሚመች አልነበረም። ስለዚህ ብዙ ማጫወቻዎች ምስሉን ፈትተው ድምፁን ይተዉ ነበር። በኋላ የኤፍኤፍኤምፔግ ፕሮግራመሮች የራሳቸውን የኤኤምአር ፈቺ ጻፉ፤ ፈቺውም ወደየማጫወቻው ገባ። አባቴን የማያውቁ፣ አማርኛ የማይሰሙ ሰዎች ምርቃታቸውን መለሱልን።

፭. ሕጉ የት ላይ ነው?

ይህ ሥራ ትልልቅ ኩባንያዎች ባሉበት አገር ሳይሆን በፈረንሳይና በሃንጋሪ መብቀሉ ከሕግም ጋር የተያያዘ ነው። ኮዴኮች በፓተንት የተከበቡ ናቸው። የኤምፔግ-2ን ደንብ የሚጠቀም ድርጅት ለፓተንት ባለቤቶች በሚሸጠው ቅጂ ልክ ይከፍል ነበር፤ የመጨረሻው የአሜሪካ ፓተንት ጊዜው ያለፈው በ2018 ነው። የአውሮፓ የፓተንት ስምምነት ግን በአንቀጽ 52 የኮምፒውተር ፕሮግራምን በራሱ እንደ ፈጠራ አይቆጥርም። መቀመጫውን ፈረንሳይ ያደረገው ቪዲዮላን በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ሆኖ ፈቺዎችን በነፃ ማከፋፈል ችሏል።

ለኩባንያዎቹ ፍትሐዊ እንሁን። ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ 8ን ሲያወጣ የዲቪዲ ማጫወትን ከመደበኛው ሥርዓት ያስወጣው በክፋት አልነበረም። ዲስክ የሚያይ ሰው እየቀነሰ፣ የፈቃድ ክፍያው ግን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ይታሰብ ነበርና። ከ2017 ጀምሮ አዳዲስ አይፎኖች ቪዲዮ የሚቀዱበት ኤችኢቪሲ የተባለ ኮዴክም በዊንዶውስ ላይ አንድ ዶላር በማይሞላ ዋጋ ለብቻው ሲሸጥ ምክንያቱ ይኸው ነው። አፕልም በ2016 የዊንዶውሱን ኩዊክታይም መጠገን አቆመ፤ የደኅንነት ቀዳዳ ስለተገኘበትም የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ደኅንነት ቡድን ሰዎች እንዲያጠፉት መከረ። በ2019 ደግሞ በአዲሱ የማክ ሥርዓት ሲኔፓክንና ሶረንሰንን የመሳሰሉ አሮጌ ኮዴኮች ቀሩ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ተደምሮ ሲታይ ግን መርሳት ነው። በ1990ዎቹ አፕል ራሱ ባቀረበው መሣሪያ የታመቀን የቤተሰብ ፊልም ዛሬ የአፕል ማጫወቻ አይከፍተውም፤ የተማሪዎቹ ማጫወቻ ግን ይከፍተዋል።

የታሪክ ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አለ። የሚሸጥ ነገር ያለው ሰው የሚያስታውሰው የሚሸጠውን ነው። አሮጌው ፋይል ገበያ የለውም፤ ያለው ባለቤት ብቻ ነው።

፮. ክፍት ሥራም ይሞታል

ይህን ስል ነፃ ሶፍትዌርን እንደ ታቦት አቁሜ ላሰግድላችሁ አይደለም። በ2003 የወጣውና መልኩን ከአሮጌው የዊንዶውስ ማጫወቻ የወሰደው ሚዲያ ፕሌየር ክላሲክ፣ ኋላም ሆም ሲኒማ በሚል ቅጥያ የቀጠለው ሥሪቱ፣ በብዙ ባለሙያ ዘንድ የተወደደ ቀላል ማጫወቻ ነበር። በጁላይ 2017 ግን ፕሮግራመር አጥቶ የመጨረሻ ሥሪቱን አወጣ። ኤምፕሌየርም እንዲሁ ደክሞ ነበር። ልዩነቱ ከሞት በኋላ በሆነው ላይ ነው። የሆም ሲኒማን ኮድ ሌላ ሰው አንሥቶ ቀጠለው፤ ዛሬም ይሠራል። ከኤምፕሌየር ኤምፒቪ በ2012 እና በ2013 ተወለደ። የተዘጋ ፕሮግራም ሲሞት ግን ወራሽ የለውም።

ስለዚህ በነፃ መገኘትና ክፍት መሆን አንድ አይደሉም። በእኛ አገር ኮምፒውተሮች ላይ ለረጅም ጊዜ ያየናቸው ጎምፕሌየርና ኬኤምፕሌየር የተባሉት የኮሪያ ማጫወቻዎች ብዙ ፋይል የሚከፍቱ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ነበሩ። ኮዳቸው ግን የባለቤቶቻቸው ነው፤ ባለቤቱ ነገ ማስታወቂያ ቢጨምርበት ወይም ቢተወው ተጠቃሚው የሚያደርገው የለም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቪኤልሲና ኤምፒቪ ሁለት ምስክሮች ይመስላሉ፤ ብዙውን ፈቺ የሚቀዱት ግን ከአንድ ምንጭ፣ ከኤፍኤፍኤምፔግ ነው። ያ ምንጭ ቢደርቅ ወይም ቢሳሳት ሁለቱም አብረው ይሳሳታሉ። የፈቃደኞች ሥራ የቆመው በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ መሆኑን መርሳት የለብንም።

፯. ታዲያ የትኛውን?

ወደ ካርቶኑ ልመለስና እያንዳንዱ ፋይል ከማጫወቻ ምን እንደጠየቀ ልንገራችሁ፤ ምርጫው የሚወሰነው በማስታወቂያ ሳይሆን በዚህ ነውና።

ከሠርጉ ካሴት የተገለበጠው ፋይል የቴሌቪዥን ጠባይ አለው፤ እያንዳንዱ ምስል ጎዶሎና ሙሉ መስመሮቹ በተለያየ ቅጽበት የተቀዱ ናቸው። ማጫወቻው መስመሮቹን ካላስማማቸው ሙሽራዋ እጇን ባነሣች ቁጥር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ቪኤልሲና ኤምፒቪ ይህን የሚያስተካክል ትእዛዝ አላቸው። ምስሉ ተበላሽቷል ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት እርሱን ሞክሩ። ቪሲዲዎቹ የጠየቁት «ዳት» የሚለውን ስም አልፎ ይዘቱን የሚያይ ማጫወቻ ነው፤ ቪኤልሲ ያለ አንዳች ጥያቄ ከፈታቸው። የወንድሜ ካሴት በኤንቲኤስሲ ሥርዓት የተቀዳ፣ በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ የሚወስድ ትልቅ ፋይል ሆነ። ለኮምፒውተር ማጫወቻ ግን ፓልና ኤንቲኤስሲ ሁለት ዓይነት ቁጥር ብቻ ናቸው። የአዲስ አበባውና የዋሽንግተኑ ፊልም በአንድ መስኮት ተከታትለው ታዩ፤ ያ የድሮ ግንብ በዝምታ ፈርሷል። የልጅ ልጆቹ የአይፎን ቪዲዮ ደግሞ ተቃራኒ ጥያቄ ነበረው። አዲስና ከባድ ስለሆነ የኮምፒውተሩን ምስል ፈቺ ሃርድዌር መጠቀም ይሻል፤ በዚህ በኩል ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ቀላልና ባትሪ ቆጣቢ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ የራሳችን ነው፤ የፊደላችን። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ የላቲን ኮዶች ላይ በተለጠፉ፣ እርስ በርስ በማይግባቡ ፎንቶች ይጻፍ ነበር። ዛሬም የግርጌ ጽሑፍ ያለበት ፋይል በትክክለኛው ኢንኮዲንግ፣ ማለትም በዩቲኤፍ-8፣ ካልተቀመጠ ወይም ኮምፒውተሩ የግእዝ ፎንት ከሌለው በፊደላችን ፈንታ ባዶ ሣጥን ወይም ትርጉም የለሽ ምልክት ይወጣል። በ2002 ይፋ የሆነውና ስሙን እርስ በርስ ከሚከተቱ የሩሲያ አሻንጉሊቶች የወሰደው ማትሮሽካ፣ ኤምኬቪ የምንለው መያዣ፣ ለዚህ መፍትሔ አለው። በውስጡ ከምስልና ከድምፁ ጋር ብዙ የግርጌ ጽሑፎችን፣ ፎንቱን ራሱንም ጭምር ይይዛል። የአባቴን ምርቃት በአማርኛ ጽፌ፣ አሜሪካ ላደጉ የእህቴ ልጆች በእንግሊዝኛ ተርጉሜ፣ ከነፎንቱ በአንድ ኤምኬቪ ውስጥ አስቀመጥሁት። የመጀመሪያውን ፋይል ግን አልነካሁትም።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። ክምችቱ የተቀላቀለ ለሆነ ሰው የመጀመሪያው ማጫወቻ ቪኤልሲ ይሁን፤ ከራሱ ከቪዲዮላን ድረ ገጽ ብቻ ይውረድ፤ በስሙ የሚነግዱ የተቀየሩ ቅጂዎች አሉና። ሥሪቱም ይታደስ፤ ሁሉን የሚከፍት ፕሮግራም ተንኮል ያለበትንም ፋይል ይከፍታልና። የምስሉን ጥራት በዝርዝር መቆጣጠር የሚፈልግ፣ ትእዛዝ መጻፍ የማይከብደው ኤምፒቪን ይጨምር። ዊንዶውስ ላለው፣ ኮምፒውተሩም ለደከመበት፣ ሆም ሲኒማ ይበቃዋል። ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣውን ማጫወቻ አታጥፉት። ለአዲስ ፋይል ያገለግላል፤ ፈቺዎቹም ከሌላ ምንጭ ስለሆኑ እውነተኛው ሁለተኛ ምስክር እርሱ ነው። በታሪክ ትምህርት በአንድ ምስክር አንፈርድም። ፋይልንም በአንድ ማጫወቻ ቃል ሞቷል አንበል።

ከማጫወቻው በላይ የሚበልጥ አንድ ምክር ልጨምር። በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በበዓል ሰሞን ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ክምችቱን ክፈቱት። ያልተከፈተ ፋይል መኖሩ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። «አሻሽለዋለሁ» ብላችሁ ወደ አዲስ ቅርጸት ከቀየራችሁም የመጀመሪያውን አትጣሉ። የእኛ ቤተሰብ ያንን ሚሞሪ ካርድ «ድምፅ የለውም» ብሎ ቢጥለው ኖሮ ዛሬ ይህ ንግግር ባልኖረ።

በቅርቡ ማትሮሽካ በ2024፣ ለመዛግብት የሚስማማው ኤፍኤፍቪ1 የተባለው ምስልን ሳይቀንስ የሚያምቅ ኮዴክ ደግሞ በ2021፣ የኢንተርኔት ደንቦችን በሚያወጣው አካል በኩል በይፋ ሰነድ ሆነው ታትመዋል። ይህ ማለት የመፍቻው ምስጢር ማንም ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ተቀምጧል ማለት ነው። የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ሁሉ ቢበተኑ እንኳ፣ ሰነዱን አንብቦ ፈቺውን እንደገና የሚጽፍ ሰው ሊነሣ ይችላል። የብራና መጻሕፍት ባለቤት ለሆነ ሕዝብ ይህ ሐሳብ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ብራናው ብቻውን ምን ያህል ቢቆይ፣ ፊደሉን የሚያስተምር የኔታ ከሌለ ዝም ይላል።

የአባቴ ምርቃት አርባ ሰከንድ ገደማ ነው። እናቴ ሳይሰሙት አረፉ፤ ይህ የሚቆጨኝ ነው። ድምፁ ያን ጊዜም እዚያው ነበር፤ ያጣነው ፈቺውን መጠየቅ አለማወቃችን ነው።